ከባድ የሒሳብ ጥያቄና የሩቁ ተማሪ፦ ከሀንጋሪው መጽሔት እስከ ሞስኮው የተልእኮ ትምህርት ቤት

መግቢያ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የመጨረሻ ክፍሎች ላይ የደረሰ ተማሪ ከሒሳብ ጋር ያለው ግንኙነት ይለወጣል። ቀደም ባሉት ክፍሎች የተሰጠውን ደንብ ተከትሎ መሥራት ይበቃው ነበር፤ አሁን ግን የትኛው ደንብ እንደሚያገለግል ራሱ መምረጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ደንቡን ራሱ ፈልጎ ማግኘት ይኖርበታል። አንድ ጥያቄ ለሰዓታት፣ ምናልባትም ለቀናት ሊይዘው ይችላል። በዚህን ጊዜ ማንን ይጠይቅ? በትልቅ ከተማ የሚኖረው የሚያማክረው ሰው አያጣም ይሆናል። በትንሽ ከተማ ወይም በገጠር የሚማረው ግን ከአንድ መምህር በቀር የሚጠይቀው የለውም። መምህሩም ብዙ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምርና ብዙ ደብተር የሚያርም በመሆኑ ለአንድ ተማሪ አንድ ጥያቄ ሊያውለው የሚችለው ጊዜ ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ተሰጥዎ ያለው ልጅ ጥያቄውን ትቶ ይሄዳል፤ ወይም መልሱን ከሌላ ሰው ደብተር ገልብጦ የተማረ ይመስለዋል።

ይህ ችግር የአንድ አገር ወይም የአንድ ዘመን ብቻ አይደለም። ልዩ ልዩ አገሮች ከመቶ ዓመት በላይ መፍትሔ ሲፈልጉለት ቆይተዋል። ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል ሁለቱ፣ ማለትም በሀንጋሪ በ1894 የተጀመረው የተማሪዎች የሒሳብ መጽሔትና በሶቪየት ኅብረት በ1964 የተቋቋመው የሒሳብ የተልእኮ ትምህርት ቤት፣ በተለይ ሊመረመሩ የሚገባቸው ናቸው። ሁለቱም ልዩ ሕንጻ ወይም ልዩ መሣሪያ አልጠየቁም፤ የቆሙት በወረቀት፣ በፖስታና በአስተማሪዎች ትጋት ነበር። የጋራ መሠረታቸውም አንድ ነው፤ ይኸውም ለተማሪው መልሱን ከመስጠት ይልቅ እርሱ የሠራውን አንብቦ ምላሽ መስጠት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መሠረት እንዴት እንደተጣለ፣ ምን ፍሬ እንዳፈራና ወሰኑም የት ላይ እንደታየ ማሳየት ነው። ዓመታቱ በሙሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

1. የጂዮሩ መምህርና መጽሔቱ

ሀንጋሪ በ1867 ከኦስትሪያ ጋር ባደረገችው ስምምነት የውስጥ አስተዳደሯን በእጇ ካስገባች በኋላ ለትምህርት ከፍ ያለ ግምት ሰጠች። በ1868 የትምህርት ሚኒስትር በነበሩት በዮዤፍ ኤትቨሽ አመንጪነት የአንደኛ ደረጃን ትምህርት ግዴታ ያደረገ ሕግ ወጣ። የሚኒስትሩ ልጅ ሎራንድ ኤትቨሽም ስመ ጥር የፊዚክስ ሊቅ ሆኑ፤ በ1891 የተመሠረተውን የሒሳብና የፊዚክስ ማኅበርም በፕሬዚዳንትነት መሩ። ማኅበሩ የዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትንና የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን በአንድ ያሰባሰበ ነበር። ይህ መቀራረብ በኋላ ለተፈጠረው ሁሉ ምቹ መሬት ሆኗል።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ የመጣው ከዋና ከተማው ከቡዳፔሽት አልነበረም። በቪየናና በቡዳፔሽት መካከል በምትገኘው በጂዮር ከተማ ያስተምሩ የነበሩት ዳንኤል አራኝ የተባሉ መምህር ጃንዋሪ 1 ቀን 1894 «የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሒሳብ መጽሔት» የሚባል ወርኃዊ እትም አወጡ። ዓላማቸው ቀላልና ግልጽ ነበር። መምህራንና ተማሪዎች ከመማሪያ መጽሐፉ የላቁ፣ ሆኖም ከተማሪው ዕውቀት በላይ ያልሆኑ የበዙ ጥያቄዎችን እንዲያገኙ ማድረግ ነበር።

የመጽሔቱ አሠራር በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። በእያንዳንዱ እትም ጥያቄዎች ይታተማሉ፤ መልስ ግን አብሮ አይወጣም። ተማሪው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ መፍትሔውን በጽሑፍ አዘጋጅቶ በፖስታ ይልካል። ከደረሱት ሥራዎች መካከል አዘጋጆቹ የተሻለውን መርጠው በተከታዩ እትም ያትሙታል፤ በሥሩም የተማሪው ስምና የትምህርት ቤቱ ስም ይጻፋል። ጥያቄውን በትክክል የሠሩት የሌሎች ተማሪዎች ስምም ይዘረዘራል። ከጊዜ በኋላ በዓመቱ ውስጥ ብልጫ ያሳዩት ተማሪዎች ፎቶግራፍ በመጽሔቱ መውጣት ጀመረ።

ከዚህ አሠራር ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይቻላል። አንደኛ፣ ተማሪው ጥያቄውን ለመሥራት የሚያገኘው ጊዜ የክፍል ውስጥ ደቂቃዎች ሳይሆን ሳምንታት ናቸው፤ ስለዚህ ፈጣኑ ብቻ ሳይሆን ትዕግሥተኛውም ቦታ ያገኛል። ሁለተኛ፣ ተማሪው መልሱን ከማየቱ አስቀድሞ ራሱ ታግሏል፤ በመሆኑም የታተመውን መፍትሔ የሚያነበው እንደ እንግዳ ነገር ሳይሆን ከራሱ ሥራ ጋር እያነጻጸረ ነው። ሦስተኛ፣ የሚያነበው መፍትሔ የእኩያው ነው። በአንዲት ሩቅ ከተማ ያለ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይህን ያህል ከሠራ እኔስ ለምን አልችልም የሚል ስሜት ያድርበታል። መምህር በቃል ከሚሰጠው ማበረታቻ ይልቅ ይህ ሳይበረታ አይቀርም።

በ1896 አራኝ ወደ ቡዳፔሽት ሲዛወሩ የአዘጋጅነቱን ሥራ ላስሎ ራትስ ተረከቡ። ራትስ በቡዳፔሽት የሉተራን ጂምናዚየም የሒሳብ መምህር ሲሆኑ መጽሔቱን እስከ 1914 መርተዋል። ክፍል ውስጥ እያስተማሩ፣ በሌላው ጊዜያቸው ከመላው አገሪቱ የሚመጡ የተማሪ ሥራዎችን ያነብቡ ነበር። ለመጽሔቱ ደብዳቤ ይጽፉ ከነበሩት ተማሪዎች አንዱ በደቡብ ሀንጋሪ ከምትገኘው ከፔች ከተማ ነበር፤ በኋላ ሊፖት ፈየር በሚል ስም የታወቀው ይህ ልጅ በ1900፣ ገና በሃያ ዓመቱ፣ ዛሬም በስሙ የሚጠራውን የፉርየ ዝርዝሮች ቴዎረም ለዓለም አቀረበ።

2. ውድድሩና ያስከተለው ፍሬ

መጽሔቱ በተጀመረበት በዚያው በ1894 ሎራንድ ኤትቨሽ ለጥቂት ወራት የሃይማኖትና የሕዝብ ትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ይመሩት የነበረው ማኅበርም ሹመቱን ለማክበር ሁለተኛ ደረጃን ገና ላጠናቀቁ ወጣቶች በየዓመቱ በበልግ ወራት የሚደረግ የሒሳብ ውድድር አቋቋመ። ተወዳዳሪዎቹ የሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች ሦስት ብቻ ነበሩ። መጽሐፍና ማስታወሻ ይዞ መግባትም አልተከለከለም፤ ምክንያቱም ጥያቄዎቹ የሚጠይቁት የተሸመደደ ነገር ሳይሆን ማሰብን ስለ ነበር ነው። መጽሔቱ የልምምድ ሜዳ፣ ውድድሩ ደግሞ የመከር ወቅት ሆኑ።

ከአሸናፊዎቹ መካከል ብዙዎቹ በኋላ ዓለም ያወቃቸው ሆኑ። ፈየር በ1897፣ በአየር በረራ ሳይንስ ስማቸው የገነነው ቴዎዶር ፎን ካርማን በ1898፣ ጋቦር ሴጎ በ1912፣ ኤድዋርድ ቴለር በ1925 ከተሸላሚዎቹ ውስጥ ነበሩ። ይሁንና ውድድሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት መስፈሪያ ሊሆን እንደማይችል የሚያሳይ ሌላ ምሳሌም አለ። በኋላ ስለ ጥያቄ አፈታት ዘዴ በጻፉት መጽሐፍ በመላው ዓለም መምህራን ዘንድ የታወቁት ጆርጅ ፖሊያ በወጣትነታቸው በዚህ ውድድር ገብተው ወረቀታቸውን ሳያስረክቡ ወጥተዋል። ፖሊያ በ1945 ባሳተሙት በዚያ መጽሐፍ ካስተማሩት ዋና ነገር አንዱ ስለ እገዛ ልክ ነው። መምህር ተማሪውን ብቻውን ቢተወው ልጁ ወደፊት አይራመድም፤ ከመጠን በላይ ቢረዳው ደግሞ ለልጁ የሚቀር ሥራ አይኖርም። ተገቢው እገዛ ለተማሪው በቂ የሥራ ድርሻ የሚተው ነው። ፖሊያና ሴጎ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ በ1946 የሀንጋሪውን አርአያ የተከተለ ውድድር ለካሊፎርኒያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መጀመራቸውም ልምዱ ምን ያህል እንደ ተጓዘ ያመለክታል።

የራትስን የመምህርነት ጥበብ በተመለከተ በተደጋጋሚ የሚነሣው የጆን ፎን ኖይማን ጉዳይ ነው። ራትስ የዚህን ልጅ ችሎታ ባዩ ጊዜ ብቻቸውን ሊይዙት አልሞከሩም። ከአባቱ ጋር ተነጋግረው የዩኒቨርሲቲ መምህራን በግል እንዲያስተምሩት አደረጉ። በዚያው ትምህርት ቤት የተማሩትና በ1963 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ዩጂን ዊግነርም የእኚህን መምህር ፎቶግራፍ በፕሪንስተን የሥራ ክፍላቸው ሰቅለው ይኖሩ ነበር። ከራሱ ችሎታ በላይ የሆነ ተማሪ የገጠመው መምህር የሚያሳየው ትልቅ ሙያ ልጁን ወደሚገባው ሰው ማድረስ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

3. የአምስቱ ነጥቦች ጥያቄ

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲነሣ መጽሔቱ ተቋረጠ። በ1925 አንዶር ፋራጎ የተባሉ መምህር እንደገና አስጀመሩት፤ እስከ 1939ም ዘለቀ። በዚህ በሁለተኛው ዘመን መጽሔቱ በልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ወጣቶችን ሳይገናኙ አስተዋወቃቸው። ፓል ኤርዴሽ፣ ፓል ቱራን፣ ጆርጅ ሴከሬሽና ኤስተር ክላይን ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። አንዱ የሌላውን ስም፣ አንዳንዴም ፎቶግራፉን፣ በመጽሔቱ አስቀድሞ አይቶ ስለ ነበረ በዩኒቨርሲቲ ዘመናቸው በቡዳፔሽት ሲገናኙ እንደ ጥንት ጓደኛ ሆኑ። በየጊዜው እየተሰበሰቡም ስለ ሒሳብ ይወያዩ ነበር።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኤስተር ክላይን ለጓደኞቿ አንድ ጥያቄ አቀረበች። በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ አምስት ነጥቦች አሉ፤ ሦስቱ በአንድ ቀጥተኛ መሥመር ላይ አይውሉም። ከአምስቱ አራቱ ምን ጊዜም ወደ ውስጥ የታጠፈ ማዕዘን የሌለው ጎነ አራት እንደሚሠሩ ማሳየት ይቻላልን? ጥያቄው ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ዕውቀት በላይ የሆነ ምንም ነገር አይጠይቅም፤ ሆኖም ብዙ ተማሪ ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ለተማሪ የሚሰጥ እገዛ በምን ደረጃ ሊከፋፈል እንደሚችል ለማሳየት ተስማሚ ነው።

መልሱን በሙሉ በሰሌዳ ላይ የጻፈ መምህር አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ተማሪው ግን ያገኘው አንድ የተሠራ ጥያቄ ብቻ ነው። ሌላው መንገድ በጥያቄ መምራት ነው። መጀመሪያ ተማሪው ልዩ ልዩ አምስት ነጥቦችን ራሱ እንዲነድፍና እንዲሞክር ይደረጋል። በዚህ ደረጃ ምንም አይነገረውም። ከዚያ፣ ነጥቦቹ በጣውላ ላይ የተመቱ ምስማሮች ቢሆኑና በዙሪያቸው ላስቲክ ቢለጠጥ ላስቲኩ ምን ዓይነት ቅርጽ ይይዛል? ተብሎ ይጠየቃል። ተማሪው ጥቂት ካሰበ ከሦስት ነገሮች አንዱ እንደሚሆን ያያል፤ ላስቲኩ ጎነ አምስት፣ ጎነ አራት ወይም ጎነ ሦስት ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሁኔታዎች የሚፈለገው ጎነ አራት ያለ ድካም ይገኛል። የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሦስቱ ነጥቦች ጎነ ሦስት ሠርተው ሁለቱ በውስጡ ሲገኙ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪው ቢቆም አንድ ተጨማሪ ጥቆማ ይበቃዋል። በውስጥ ባሉት ሁለት ነጥቦች ላይ የሚያልፍ ቀጥተኛ መሥመር ቢሰመር የጎነ ሦስቱ ማዕዘኖች ወዴት ወዴት ይውላሉ? ሦስት ነጥቦች በአንድ መሥመር ላይ ስለማይውሉ መሥመሩ በየትኛውም ማዕዘን ላይ አያልፍም፤ ስለሆነም ከሦስቱ ማዕዘኖች ሁለቱ በአንድ ወገን መዋላቸው የግድ ነው። እነዚህ ሁለቱና በውስጥ ያሉት ሁለቱ ነጥቦች የተፈለገውን ጎነ አራት ይሠራሉ። ተማሪው የመጨረሻዋን እርምጃ ራሱ ከተራመደ ማረጋገጫው የእርሱ ሆነ ማለት ነው።

ጥያቄው ግን በዚህ አላበቃም። ኤርዴሽና ሴከሬሽ በ1935 ባሳተሙት ጽሑፍ ነጥቦቹ በበቂ ቁጥር ከበዙ የተፈለገውን ያህል ጎን ያለው እንዲህ ያለ ቅርጽ ምን ጊዜም እንደሚገኝ አረጋገጡ። ለጎነ አራት 5፣ ለጎነ አምስት 9 ነጥቦች ይበቃሉ። ለጎነ ስድስት 17 እንደሚበቁ ግን በኮምፒዩተር እርዳታ የታየው ሴከሬሽ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር በሠሩት፣ በ2006 በታተመ ጽሑፍ ነው። ለማንኛውም የጎን ቁጥር የተገመተው ቀመር እስከ ዛሬ ሙሉ ማረጋገጫ አልተገኘለትም። ክላይንና ሴከሬሽ በ1937 ተጋቡ፤ ኤርዴሽም ጥያቄውን ፍጻሜው ያማረ ጥያቄ ብለው ሰየሙት። ባልና ሚስቱ ከጦርነቱ ሸሽተው በሻንግሃይ በኩል አውስትራሊያ ገቡ፤ በዚያም ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ ኦገስት 28 ቀን 2005 አረፉ።

መጽሔቱ ከጦርነቱ በኋላ በ1947 በያኖሽ ሹራኚ አዘጋጅነት እንደገና ተነሥቶ እስከ ዛሬ ይታተማል። የ1894ቱ ውድድርም ከ1949 ጀምሮ በሒሳብ ሊቁ በዮዤፍ ኩርሻክ ስም ይጠራል። ሁለት ጊዜ የተቋረጠ መጽሔት ሁለት ጊዜ የተነሣው ቀድሞ የተጠቀሙበት ተማሪዎች መምህራን ሆነው ስለቆዩት መሆኑ አያጠራጥርም።

4. የሞስኮው የተልእኮ ትምህርት ቤት

በሶቪየት ኅብረት የተማሪዎች የሒሳብ ውድድር በሌኒንግራድ በ1934፣ በሞስኮ ደግሞ በ1935 ተጀመረ። በሁለቱም ከተሞች የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሒሳብ ክበብ አቋቋሙ። በሞስኮ ክበቦች መጀመሪያ የተለመደው ተማሪዎች በተራ ንግግር የሚያቀርቡበት ዘዴ ነበር። ዳቪድ ሽክልያርስኪ የተባለ ወጣት ግን አሠራሩን ለወጠው፤ አጭር ማብራሪያ ከተሰጠ በኋላ አብዛኛው ጊዜ ተማሪዎቹ ራሳቸው ጥያቄ እየሠሩ መፍትሔያቸውን የሚያስረዱበት ሆነ። ሽክልያርስኪ በ1942 በጦርነቱ ቢሞትም ዘዴው ጸንቶ ቀረ።

ይሁን እንጂ ክበብ የሚደርሰው ለከተማ ልጅ ነው። ከሞስኮ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚኖረው ተማሪ ምን ይደረግ? ይህን ጥያቄ በተለይ ያነሡት እስራኤል ጌልፋንድ ሲሆኑ፣ ችግሩን ያወቁት ከሕይወታቸው ነበር። በ1913 በደቡብ ዩክሬን በአንዲት አነስተኛ የገጠር ከተማ የተወለደው ወጣቱ ጌልፋንድ ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ ቀርቷል። ሒሳብን የተማረው በእጁ ከገቡት ጥቂት መጻሕፍት ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ለቀዶ ሕክምና ወደ ሆስፒታል መሄድ ሲኖርበት የከፍተኛ ሒሳብ መጽሐፍ ካልተገዛልኝ አልሄድም ብሎ ወላጆቹን እንዳስገደደ በኋላ ራሱ ተርኳል። በ1930 ወደ ሞስኮ ሄዶ ልዩ ልዩ ሥራ እየሠራ በዩኒቨርሲቲ ሴሚናሮች ይገኝ ነበር፤ በ1932 በአንድሬይ ኮልሞጎሮቭ መሪነት ለድኅረ ምረቃ ጥናት ተቀበሉት። የሚጠይቀው ሰው የሌለው ተማሪ ምን እንደሚጎድለው ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለተመረጡ ተማሪዎች የፊዚክስና የሒሳብ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። የኖቮሲቢርስኩም የሞስኮውም ሥራ የጀመሩት በ1963 ነው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ግን ሊይዙ የሚችሉት ጥቂቱን ነው፤ ልጁንም ከቤተሰቡና ከመምህሩ ይለያሉ። ጌልፋንድ በ1964 በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የሒሳብ የተልእኮ ትምህርት ቤት በአንጻሩ ተማሪውን ባለበት ትቶ ትምህርቱን ወደ እርሱ ላከ። ዋና ትኩረቱም በገጠርና ከትልልቅ ማዕከሎች ርቀው በሚገኙ ትንንሽ ከተሞች ላይ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ተማሪው የመግቢያ ጥያቄዎችን ሠርቶ በፖስታ ይልካል። ከተቀበሉት በየጊዜው አጭር የማስተማሪያ ጽሑፍና የጥያቄ ዝርዝር ይደርሰዋል፤ ሥራውንም በደብተር ጽፎ ይመልሳል። ደብተሩን የሚያርሙት በአብዛኛው የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። አራሚው ትክክል ወይም ስሕተት የሚል ምልክት አድርጎ አያበቃም። አስተሳሰቡ የት ላይ እንደ ተጣመመ፣ የትኛው እርምጃ ማስረጃ እንደሚያንሰው፣ ከዚህ ያጠረ መንገድ ይኖር እንደሆነ በጽሑፍ ያመለክታል፤ ተማሪውም አስተካክሎ መልሶ ይልካል። ለዚህ ትምህርት ቤት ተብለው ስለ ፈንክሽኖችና ግራፎቻቸው፣ ስለ ኮኦርድኔት ዘዴም የተጻፉት ትንንሽ መጻሕፍት በኋላ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉመዋል።

ከሁሉ ይልቅ ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ትኩረት የሚስበው ደግሞ «የኅብረት ተማሪ» የሚባለው ዘዴ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ ጥቂት ተማሪዎች በመምህራቸው መሪነት እንደ አንድ ተማሪ ተቆጥረው ይመዘገባሉ፤ ጥያቄዎቹን በጋራ ሠርተውም አንድ ደብተር ይልካሉ። በዚህ ዘዴ ምላሹ የሚደርሰው ለተማሪዎቹ ብቻ ሳይሆን ለመምህሩም ጭምር ነው። ብቻውን የተመደበው መምህር የሚያማክረው የሙያ ባልደረባ አገኘ፤ የተማሪዎቹ ትምህርትም በእርሱ ላይ ያለፈ ሳይሆን በእርሱ በኩል የሄደ ሆነ።

በጃንዋሪ 1970 «ክቫንት» የተባለው የተማሪዎች የፊዚክስና የሒሳብ መጽሔት መታተም ጀመረ። ዋና አዘጋጁ የፊዚክስ ሊቁ ኢሳክ ኪኮይን፣ የመጀመሪያው ምክትላቸው ኮልሞጎሮቭ ነበሩ። መጽሔቱ ቋሚ የጥያቄ ዓምድ ነበረው፤ ከአንባቢዎች የሚመጡትን መፍትሔዎች ይቀበላል፤ በትክክል የሠሩትንም ስም ያወጣል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሚታተመው ቅጂ ከ300,000 በላይ ደርሶ ነበር። በጂዮር በአንድ መምህር የተጀመረው ዓይነት ሥራ በዚህ ጊዜ እጅግ ሰፊ በሆነ አገር ስፋት ተሠራ ማለት ነው።

5. የእገዛው ወሰን

የእነዚህ ሥራዎች ታሪክ በመልካም ውጤት ብቻ የተሞላ አይደለም። በሀንጋሪ በ1920 የወጣ ሕግ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡትን አይሁዳውያን ቁጥር ገደበ። መጽሔቱ በፎቶግራፍ ያከበራቸው ብዙ ወጣቶች የአገራቸው ዩኒቨርሲቲ በር ጠበባቸው፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮም ብዙዎቹ ተሰደዱ። ሀንጋሪ ያሳደገቻቸውን ሊቃውንት ሌሎች አገሮች ተጠቀሙባቸው።

በሞስኮም በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከባድ የሒሳብ ጥያቄ ለተቃራኒ ዓላማ ዋለ። በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፋኩልቲ የቃል መግቢያ ፈተና ላይ ለአይሁዳውያንና ለሌሎች ላልተፈለጉ አመልካቾች ተለይተው የተመረጡ፣ መልሳቸው አጭር የሚመስል ሆኖም በተሰጠው ጊዜ ሊገኝ የማይችል ጥያቄዎች ይቀርቡላቸው ነበር። አመልካቾቹ እነዚህን ጥያቄዎች «የሬሳ ሣጥኖች» ይሏቸው ነበር። በዚህ መንገድ ለተገፉት ወጣቶች ጥቂት የሒሳብ ሊቃውንት ከ1978 እስከ 1983 በግል መኖሪያ ቤቶችና በተገኘው ቦታ ሁሉ ያለ ክፍያ ከፍተኛ ሒሳብ አስተማሩ። አንዱ ጥያቄ፣ ጊዜና አንባቢ ሲሰጠው ልጅን የሚያሳድግ፣ ጊዜና አንባቢ ሲነፈገው ደግሞ በር የሚዘጋ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ሌላው ወሰን በራሱ በአሠራሩ ውስጥ ያለ ነው። መጽሔትም ሆነ የተልእኮ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ስለ መኖሩ ለሰማ ተማሪ ነው። ይህንም አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረው መምህሩ ነው። መምህሩ ዝም ካለ ፖስታው ብቻውን ምንም አይሠራም።

መደምደሚያ

ከሁለቱ አገሮች ታሪክ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅሙ አራት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ እገዛ መምጣት ያለበት ተማሪው በራሱ ከሞከረ በኋላ መሆኑ ነው፤ መጽሔቱም የተልእኮ ትምህርት ቤቱም መልስ የሰጡት ላልጻፈ ተማሪ ሳይሆን ለጻፈ ነው። ሁለተኛው፣ ለጥያቄ ከሚሰጠው መልስ ይልቅ ለተማሪው ጽሑፍ የሚሰጠው ምላሽ የሚያስተምር መሆኑ ነው። ሦስተኛው፣ የተማሪ መልካም ሥራ በስሙ ለሌሎች ተማሪዎች ሲታይ ለሠራውም ለሚያነበውም ትምህርት መሆኑ ነው። ለዚህ የታተመ መጽሔት የግድ አያስፈልግም፤ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በየሳምንቱ የሚለጠፍ አንድ ጥያቄና የባለፈው ሳምንት የተሻለ መፍትሔ ሥራውን ሊጀምሩት ይችላሉ። አራተኛው፣ የሩቁን ተማሪ መርዳት ማለት የሩቁን መምህር መርዳት ማለት መሆኑ ነው።

ዛሬ የተዘጋጀ መልስ ከቀድሞው ዘመን ሁሉ ይበልጥ በቀላሉ ይገኛል፤ በእጅ ስልክ ብቻ እንኳ ሊገኝ ይችላል። ያልረከሰው የሚያነብ ሰው ነው። የአንድ ተማሪን ሁለት ገጽ ሙከራ ተቀምጦ የሚያነብ፣ እዚህ ድረስ ደኅና መጥተሃል፣ ከዚህ በኋላ ግን ይህን መሥመር እንደገና ተመልከተው ብሎ በኅዳጉ ላይ የሚጽፍ ሰው በ1894 እንደ ነበረው ሁሉ ዛሬም ጥቂት ነው። ለከባድ የሒሳብ ጥያቄ እገዛ የሚያቅድ ማንኛውም ክፍል በጀቱንና የሥራ ሰዓቱን ሲደለድል ከጥያቄዎቹ ዝርዝር በፊት ሊያስብለት የሚገባው ለዚህ አንባቢ ነው።